በአንዲት ከረሜላ ባለቤቴን ላባረሩ ተመራማሪ

የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ለሚመረምሩት፣ ለተከበሩ የስኳር በሽታ ሊቅ፤

በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማሽኖችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ለሦስታችሁም ጤና እመኛለሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ግንበኛ ነኝ። የምትጽፈው ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነውና ቅር ቢሰኙ በእኔ ይሁን።

ባለቤቴ አዲሱን የስኳር መድኃኒት እንዲሞክሩ ከመረጧቸው በሽተኞች አንዷ ነበረች። ሐሰት አልናገርም፣ መድኃኒቱ ሠርቶላታል። የእግሯ ቁስል ደርቆ፣ ጫማ አጥልቃ፣ ገበያ ወጥታ፣ ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ተጨቃጭቃ ተመልሳለች፤ ለእሷ ከዚህ በላይ ጤንነት የለም። ባለፈው ሳምንት ከምርምሩ አስወጧት። እኔም ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ማታ መድኃኒቷን ወስዳ፣ ጠዋት እህል ሳትቀምስ እንድትመጣ ስላዘዟት አመሰግናለሁ። እንደታዘዘችው ጎህ ሲቀድ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እርስዎ ካልቆሙበት በቀር የማንም ደም እንዳይቀዳ ደንብ አውጥተዋልና፣ አዲሱን ማሽን ለእንግዶችዎ አስጎብኝተው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። እንግዶቹ ሻይና ብስኩት ሲቀርብላቸው በመስታወቱ በኩል አይተናል። ሲስቁም ያምርባቸዋል።

፪. ባለቤቴ በላብ ተጠምቃ፣ እኔን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራኝ ጀመር። ነጭ ካፖርት የለበሰችው ረዳትዎ «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ እሳቸው እህል ከቀመሱ እኮ ምርመራው ይበላሻል» አለችኝ። ምርመራው እንዳይበላሽ ሰው ይሙት የሚል ትምህርት መኖሩን ስላሳወቁኝ ውለታዎን አልረሳም። ከጎናችን የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ግን አልተማረምና፣ «እትዬ፣ ይቺን ይምጠጧት፤ ምርምሩ ነገም ይደርሳል» ብሎ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ አፏ ውስጥ ከተተላት። ስኳር ሲወርድባችሁ እንዲህ አድርጉ፣ ከረሜላም ከኪሳችሁ አይጥፋ ብለው ያስተማሩን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት!

፫. ነፍስ ዘርታ ስሜን ባስታወሰች ጊዜ ብቅ አሉ። ደሟን ቀዱ፣ ስኳሩ ከፍ አለ፣ «ትእዛዝ የጣሰች» ብለው አሰናበቷት። አባቴ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይል ነበር። በእርስዎ ቤት ደግሞ የዘገየው ተከብሮ የመጠጠችው ተቀጣች። የሆነውን ላስረዳ ብገባ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ሳይንስ ስሜት አያውቅም» አሉኝ። እውነት ነው፣ ስሜት የለውም። ሰዓት የለውም ግን አላሉንም ነበር።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። ያ መድኃኒት በየትኛውም መድኃኒት ቤት አይሸጥም፤ ያለው የእርስዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የእግሯ ቁስል እንደገና ውሃ ማዘል ጀምሯል። ቁስሉን የሚያጥበው ነርስ አንስቶት የማያውቀውን ነገር፣ ጣት ስለ መቁረጥ፣ አነሳ። ትናንት ጫማዋን ቀስ ብላ አልጋ ሥር ገፋችው፤ እኔም እንዳላየ ሰው ዞር አልኩ።

የምጠይቅዎ ምጽዋት አይደለም። ደሟን በሰዓቱ እንደገና ይቅዱና ወደ ቦታዋ ይመልሷት። «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ከከበደዎት «የማሽኑ ነው» ይበሉ፤ ማሽኑ አይቀየምም።

ወገቤ ጎንበስ ማለት ባይፈቅድልኝም እጅ እንደነሳሁ ይቁጠሩልኝ። መድኃኒትና ረኃብ አንድ ላይ አጠጥተው ለፈተኗት ሊቅ ዕድሜና ተጨማሪ እንግዶችን እመኛለሁ።

የዚያች ትእዛዝ ጣሽ ባል፣
ግንበኛው (የአውራ ጣት አሻራ)

ሳልናገር ባልፍ የሚቆጨኝ፦ ልብስ ሰፊውን ጨምሮ፣ አግዳሚው ላይ አብረውን የጠበቁት በሽተኞች ይህ ደብዳቤ ተነቦላቸዋል። መድኃኒቱ ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል፤ ነገ ይኸው በእነሱም ላይ እንደሚደርስ ግን ገብቷቸዋል። ባለቤቴ እስክትመለስ ድረስ ክንዱን ለመርፌ የሚዘረጋ የለም። ምርምሩ እንዳይቋረጥ ካሳሰበዎት የእርስዎም ክንድ ደም አለው፤ ባዶ ሆድዎን ይምጡና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እኛን ይጠብቁን።