አርባ አንድ ቁጥር ደም

ጥቅምት 6
ዛሬም ሃያ ብልቃጥ ደም... ባይፖላር፣ ድባቴና ልክ ያለፈ ደስታ የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ደም ውስጥ ምልክት ይተው እንደሆነ ነው የምንፈልገው። ይተዋል! ስኳር በደም ይታወቅ የለ? አለቃዬ ግን፣ "ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ ገና ነው።" ሁሌ ገና።
ከሰዓት ቅጽ ማስሞላት። "ለቀናት እንቅልፍ ሳያሰኝዎት፣ ደስታና ጉልበት የተረፈዎት ጊዜ ነበር?" በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጥቅምት 9
ታላቅ ወንድሜ ከአልጋ ሳይነሳ ሦስተኛ ሳምንቱ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ "በሰኔ ቤቱን በሦስት ቀን የቀባ ሰው ዛሬ ምን ነካው? ስንፍና ነው!" እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ራሱ ወደ ቀባው...

ጥቅምት 14
ለጥናቱ ደም እንዲሰጥ ለመንኩት።
"ምን ሊያደርግልኝ?"
"ስንፍና እንዳልሆነ ለአባዬ ይናገርልሃል።"
ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። "እስቲ እሱ እንኳ ይናገርልኝ፣ ዶክተሬ።" የዲግሪዬ ቀለም ገና ሳይደርቅ!
የደሙ ብልቃጥ ቁጥር 41 ሆነ። ደክሞት ስለነበር ቅጹን እኔው ሞላሁለት። ወንድሜ አይደል? ስለ እንቅልፍና ደስታ ለሚጠይቀው፣ "አልነበረም" ብዬ።

ጥቅምት 20
ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ፣ "ከዚህ በፊትስ?" እማዬ ቀደመች። "ኧረ ደህና ልጅ ነበር! በሰኔማ ቤቱ በሳቅ ነበር።" እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። የድባቴ መድኃኒት ብቻ ታዘዘለት።

ኅዳር 4
ተነሳ!! እየዘፈነ ቁርስ ሠራ። እማዬ በደስታ አለቀሰች።

ኅዳር 7
ሦስት ቀን አልተኛም። አጥሩን ቀብቶ ጨረሰ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ለምን ፈራሁ?

ኅዳር 8
ጣሪያውን ሊቀባ ወጥቶ...

ኅዳር 10
ወገቡ ተሰብሯል። ይራመድ አይራመድ ገና አልታወቀም።
ቢሮ ሄጄ፣ "የአርባ አንድ ውጤት!" አልኩ። አለቃዬ አስቀመጠችኝ። "ደሙ የሚነግረን ስለ ብዙ ሰው በጅምላ ነው። ለአንድ ሰው ገና አይፈርድም፤ ስንቴ ነገርኩሽ?" ፋይሉን ከፈተች። "የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ሊገፋው ይችላል። ይህን ቅጽ ማን ሞላው?"
እኔ።
ሰኔን ረስቼው አይደለም። በሰኔ ደህና ነበር ብዬ ነው። ደስ ብሎት ስላየሁት...

ኅዳር 12
ሐኪም ቤት፣ አልጋው አጠገብ ነኝ። አባዬ በሩ ጋ ቆሟል።
"ደሜ ምን አለ?"
"ምንም።"
ጣሪያውን አየ። "ለሰው ሁሉ የምትጠይቂውን እኔን ብትጠይቂኝ... እኔው እነግርሽ ነበር።"
አዲስ ቅጽ አወጣሁ። "ለቀናት እንቅልፍ ሳያሰኝህ፣ ደስታና ጉልበት የተረፈህ ጊዜ..."
"በሰኔ" አለ አባዬ ከበሩ። "ሦስት ቀን። ጻፊው።"