ክንፉን የጠበሰችው ማን ናት?

ጥር 14፣ ማክሰኞ
የሸማቾች ዘይት በብርዱ ረግቷል። መካነ ሰላም እንዲህ እንደሚበርድ ረስቼው ነበር። ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አውጥቻለሁ። ዛሬም ሽሮ ሠራሁ፤ እማዬ ዛሬም ሆዴን አሞኛል ብላ አልቀመሰችም። ከሪያድ ከተመለስኩ ጀምሮ ከእጄ በልታ አታውቅም። ንስሐ ገባሁ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፣ ማተቤን መልሼ አሰርኩ። ደላላው ባወጣልኝ በፋጡማ ስም ሄጄ የእስላም ሥጋ ስበላ መኖሬን ግን ሆዷ አልረሳም። አልፈርድባትም። ይከፋኛል ግን፣ ማስታወሻዬ።

ጥር 16፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ደስ ብሎኛል። አጎቴ ጋሼ ታደሰ ዶሮ ባረኩልን። ሪያድ ለእመቤቴ ልጆች እጠብሰው የነበረውን ክንፍ ላቅምስሽ አልኳት እማዬን። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፣ ክንፉ የጎደለ ወጥ ለሰው አይቀርብም ብላ ተቆጣች። ኋላ ግን ራሷ ቆርጣ ሰጠችኝ። እቀምሰዋለሁ አለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሎሚ። ፍርኖ ዱቄት ነሰነስኩበት። ዘይቱ እየጋለ ነው።

ማታ 1 ሰ.
ምነው ምላሴን በቆረጠው። ክንፉን ዘይቱ ውስጥ ስጨምር «ቢስሚላሂ» አልኩ። ሳላስበው። እዚያ እመቤቲቱ ይህን ካልሰማች ምግቤን አትነካም ነበር፤ አፌ ለመደው። እዚህ አገር ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል፤ ማዕድ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። እማዬ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «በየትኛው ስምሽ ነው የጠበስሽው?» አለችኝ።
ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሃራ እንዳልሰጥ፣ ያረደው ክርስቲያን ነው፤ እሳቸውም አይበሉትም። ብቻዬን በላሁት። ጣፍጧል። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ጥር 17፣ ዓርብ
ጾም። ደላላው ደወለ፤ በዚያው በፋጡማ ስም ልመልስሽ ይላል። መልስ እሑድ ይፈልጋል። እዚህ ማን ይፈልገኛል? እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጥር 18፣ ቅዳሜ
እማዬ ከገበያ ሌላ ዶሮ ይዛ መጣች። ጋሼ ታደሰ ባረኩ። ክንፉን ቆርጣ ሰጠችኝና ምድጃው አጠገብ ቆመች። አፌን ሳልከፍት በስመ አብ ብላ ጀመረች፤ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ተከትያት አልኩ። ከእጄ ተቀብላ በላች፤ አጥንቱን ሳይቀር መጠጠችው። ጨው በዝቶበታል አለች።
ደላላው ነገ ለመልሱ ይመጣል። ፋጡማ የለችም እለዋለሁ።