ዝም ስል የተለካው ልቤ

ለእትዬ፣ ለቤታችን ጠቅላይ አዛዥ፣ ማንም ሳይጠይቃት ለሁላችንም ሳል መድኃኒት ለምታዘው፦

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ቁጣሽ እንዴት ነው? ቁጣሽ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። እማዬስ፣ ዓይኗ ተሻላት? ጋሼስ፣ ያ ባልሽ፣ የፈታታውን ሬዲዮ ገጠመው ወይስ አሁንም ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተበታትኗል? እኔ ይኸው እስክሪብቶ ይዣለሁና በሕይወት አለሁ።

“የአባባ በሽታ ነው፤ ብረቱን አስገባና ተገላገል!” ብለሽ በስልክ የጮኽሽብኝን አልረሳሁም። አባባ ምሳ ላይ ደረቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ሲቀር አንቺም እኔም አይተናል። ስለዚህ የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ሐኪሟ ከልቤ ደም ሥሮች አንዱ መሃሉ ላይ ጠቧል አለችኝ። መጥበቡ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም፤ ደሙን ምን ያህል እንደከለከለ መለካት አለበት። በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብታ ከጥበቱ በፊትና ከጥበቱ በኋላ ያለውን ግፊት ታመዛዝናለች። ልብን በመድኃኒት ሳያስሮጡ፣ እንዳረፈች የሚለኩባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የምቱን ሙሉ ዙር ይወስዳል፤ ሁለተኛው ልብ መትታ የምትፈታበትን ቅጽበት ብቻ ይመርጣል። ሁለቱም የየራሳቸው ወሰን አላቸው፤ ቁጥሩ ከወሰኑ ከወረደ ጥበቱ ክፉ ነው፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ቱቦ ይገባል።

እኔ ደግሞ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። እስከ አንገቱ ጨርቅ የለበሰ ሰው ባለበት ክፍል ዝም ብዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ባለ ጨርቁ እኔው ነበርኩ። ፈርቼም ነበር፤ ስፈራ ምላሴ ይሮጣል። ስክሪኑን የሚከታተለውን ባለሙያ “ወንድሜ፣ ማጅራትህን በቶንዶዝ ነው በማጭድ ያነሱልህ?” አልኩት። ነርሷ ሳቋ አመለጣት። እሷ ስትስቅልኝ ጊዜ በረታሁ፤ እኔም ስስቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ፤ አልተስማሙም። አንዱ ከወሰኑ ወርዶ “ብረት” አለ፤ ሌላው ለጥቂት ተርፎ “ተዉት” አለ። ያንቺንና የጋሼን ክርክር ሲሰማ ለኖረ ሰው አይደንቅም። ባለሙያው “ወሰን ላይ ያለ ነገር አያስተማምንም፤ ይግባለት” ባይ ሆነ። ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበርና እኔም እሺ ልል ነበር። ሐኪሟ ግን የልቤን ሩጫ አየችና “ይሄ እኮ የዕረፍት መለኪያ ነው! እርስዎ መቼ ዐረፉ?” ብላ ተቆጣች። ልብ ስትሮጥ የሚያልፈው ደም ይበዛል፣ ከጥበቱ ወዲያ ያለው ግፊት ይበልጥ ይወርዳል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ የከፋ ይመስላል አለች። “እንደ አዲስ እንለካለን፤ አፍዎን ከከፈቱ መጀመሪያ የምሰፋው እሱን ነው!”

እትዬ፣ ዝም አልኩ። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ፤ ስለ ስንጥቁ የመጡልኝን ቀልዶች አንድ በአንድ ዋጥኳቸው። ያን ጊዜ ፍርሃቱ መጣ፤ አባባም ከነወንበሩ መጣ። ዝም ብዬ አየኋቸው፤ ቆይተው ሄዱ። ልቤ ቀስ አለች። ሲለካ ሁለቱም ቁጥሮች ከወሰናቸው በላይ ሆኑ፤ ሐኪሟ ደገመችው፣ ያው ነው።

ስለዚህ ብረት አላስገባም። ጩኺ፤ ከዚህ አልሰማሽም። ጥበቱ አልጠፋም፣ ደሙን ግን ገና አላስቸገረም። መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ሲጋራውን ትቼዋለሁ፣ እየተመላለስኩ እታያለሁ። ደረቴ አመሉን ከቀየረ በዚያው ቀን እሄዳለሁ፤ ይግባ ካሉኝም ይገባል። ሲጋራ የሚጋብዘኝ ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ጋሼ በስልክ አንድ ነገር አምልጦታል፤ እንዳትቆጪው። ደረጃው መሃል ላይ ትቆሚና ቦርሳሽ ውስጥ ቁልፍ የምትፈልጊ ትመስያለሽ አሉ፤ ቁልፉ ግን እጅሽ ላይ ነው። እትዬ፣ የአባባ ልጅ እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚህ ሳምንት ትታያለሽ፤ ሳትታይ ብትደውዪልኝ ስልኩን አላነሳም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ዝም ማለቴን ብትነግሪያት አታምንሽም። ትልቋን ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጪልኝ። ለጋሼ ሰላምታዬን ከአደራ ጋር አድርሺልኝ፦ ሐኪም ቤት በር ድረስ ሳይሆን ውስጥ ድረስ ይሸኝሽ።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስታወቱ ሥር
ሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን