ለቅሶህ የተቀዳበት ካሴት

ሽፌዬ፣

እንደምን ከረምክ አልልህም፤ ብልህም አትመልስልኝም። እኔ ደህና አይደለሁም። ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሰው ሁሉ «ጊዜ መድኃኒት ነው» ሲለኝ ከረመ፤ ለማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። ሙት ዓመትህን አውጥቼ፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ልደታ ማርያም ደጅ ስሳለም ያየኝ ሁሉ የተጽናናሁ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ቤቱ እንደተውከው ነው ልልህ ነበር፤ አይደለም። ክረምቱ የጓዳውን ጣሪያ በሳው፤ ቀበሌ ባመለክት ባመለክት «ይታያል» እያሉኝ ሌላ ክረምት መጣ። ልጅህ ሰላም ትምህርት ቤት ገብታለች። ሳቋ ቁርጥ ያንተ ነው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ ይስቃል፣ ድምፁ ቆይቶ ነው የሚመጣው። የግቢው ሰውም ያው ነው፤ ስኳር መጣ በተባለ ቁጥር በወረፋ እንጣላለን፣ ማታ እንታረቃለን። ክላርኔትህ ግን የለም። አርባህ በወጣ ሰሞን ከሆቴሉ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ የሕዝብ ንብረት ነው ብለው፣ ርክክብ አስፈርመውኝ ወሰዱት። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሕዝብ መሆኔን ግን ማንም ትዝ አላለው። አፍህን የምታሳርፍበትን ጫፉን ብቻ ተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሙሉውን ነው የምንረከበው አሉኝ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ሳጥኑ የነበረበት ቦታ አቧራ ሳይነካው ቀርቶ ነበር። ብዙ ጊዜ አልፌው ሄድኩ፤ በመጨረሻ እሱንም ጠረግኩት።

ባሌ ሙዚቀኛ ነበር ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ዘፈነ?» ብሎ ነው። እሱ አይዘፍንም፣ ከኋላ ቆሞ ይነፋል ስለው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ያንን ዘፈን ግን የማያውቅ የለም። መግቢያውን፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት በፊት ያለውን፣ ያንተን፣ ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሜክሲኮ የሚመላለስ የውይይት ታክሲ ሹፌር ሁሉ ያፏጨዋል። በካሴቱ ልባስ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ከነክራቫቱ አለ፣ ስሙ በትልቁ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ማኅተም አለ። ከታች በደቃቁ ደግሞ «ከባንዱ ጋር» ይላል። ባንዱ እንግዲህ እናንተ ናችሁ። አንተና ድራመሩ አለማየሁ፣ ያ ዝምተኛው ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ ትራምፔቱን የሚነፋው ሳቂታው ልጅ። ያለ እናንተ ቢቆም ያ ዘፋኝ የቀበሌ ስብሰባ የሚመራ ሰው ነበር የሚመስለው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ለቅሶህም መጥቷል። መምጣቱ ሲሰማ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሱን ለማየት ተንጠራራ፤ እንባውን ሳይጠርግ የተነሳም ነበር። በገዛ ለቅሶህ ላይ እንኳ አጃቢ ሆነህ ቀረህ። አለማየሁ ጥግ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ጉልበቱን ሲመታ ቆየና፣ ምት እየመታ መሆኑን ሲያውቀው አፍሮ እጁን በእጁ ያዘው። ከሁሉም ለቅሶ የሱ ነው ሆዴን የበላው። አሁን መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። ትራምፔቱም ቤዙም ወዴት እንደወደቁ አላውቅም፤ የሚጠይቅልኝም አላገኘሁ።

ያን ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበርና እናንተም እስኪነጋ ትጫወቱ ነበር። ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ አንተ ከንፈርህ አብጦ ትገባለህ። ሻዩን በማንኪያ እያበረድኩ የማጠጣህ ትዝ ይልሃል? የግቢው ሰዎች ሰክረህ የመጣህ ይመስላቸው ነበር፤ አንተም ከማስረዳት ይልቅ ሰካራም መባሉ ይቀልልህ ነበር። በኋላም ጦር ግንባር ሄዳችሁ ለወታደሩ ተጫወቱ ተባለ። ሄድክ፤ ወባውን ይዘህ መጣህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ መጻፍ አልችልም።

ይልቅ ያቺን እሁድ ልጻፍልህ። ከቅዳሴ መልስ «ዛሬ ብቻዬን መጫወት አማረኝ» አልክ። ይህን ያህል ዘመን ነፍተህ ብቻህን የተቀዳኸው ምንም አልነበረህም። ጎረቤት እንዳይሰማ ጓዳ ገባን፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ቴፑን ዱቄት ማስቀመጫው ላይ አደረግነው። ሰላም ገና ሕፃን ናት፣ ጭኔ ላይ ተኝታለች። አምባሰል ነበር የተጫወትከው። ረጅም፣ ቃል የሌለው፣ ማንም ዘፋኝ መጥቶ የማያቋርጠው። ዓይንህን ጨፍነህ ነበርና እኔ ማልቀሴን አላየህም። ከመጀመርህ በፊት ስምህን ተናገርበት ብዬህ ነበር። ሳቅክ፤ ለራሳችን ነው፣ ማን ሊጠይቀን ነው አልክ። ልባሱም ላይ አንዲት ፊደል ሳትጽፍ መሳቢያ ውስጥ ወረወርከው።

አንተ ስትሞት ቴፑም ራዲዮኑም ነጠላ ለበሱ። የሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትበትም፤ እኔም ወጉን አከበርኩ። አጠገባችን ያሉት እማማ አስካለ ደግሞ ከኔ ብሰው፣ ራዲዮናቸው ያንን ዘፈን በጀመረ ቁጥር ከማጀት ድረስ ሮጠው ይዘጉታል። «ሐዘንተኛ አጠገባችን እያለች፣ ነውር አታውቁም?» ብለው ልጆቹን ሲቆጡ በግድግዳው ይሰማኛል። ደግ ናቸው፣ ለኔ ብለው ነው። የሚዘጉት ግን አንተን ነበር ሽፌ። መግቢያው ይጀምራል፣ አንዴ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ቀጭ። ዓመት ሙሉ ስትጀምርና ስትታፈን ሰማሁህ። ግድግዳውን አንኳኩቼ እባካችሁ ተዉት፣ እሱ ነው ልላቸው ስንቴ ተነሳሁ መሰለህ። የባሏ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን አማራት ይሉኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ዓመቱ ይውጣ እንጂ ያቺ የራሳችን ካሴት አለችልኝ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ሰላም አባቷን በፎቶ እንጂ በደንብ አታስታውሰውም፤ ሲነፋ አሰማታለሁ እያልኩ ነበር።

ሙት ዓመትህ በወጣ ማግስት ነጠላውን አንስቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የዘፋኙ ካሴቶች አሉ፤ ያንተ የለችም። ቤቱን ገለበጥኩት። በኋላ እህትህን እትዬ ዘነበችን ብጠይቃቸው ፊታቸው በራ፤ እሷንማ እኔ ነኝ የወሰድኳት አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትህ እግራቸው ስለማይንቀሳቀስ ከቡታጅራ መጥተው ሊቀብሩህ አልቻሉም። እናት ልጇን ሳታለቅስ እንዴት ትቀራለች ብለው፣ እትዬ ዘነበች ለቅሶውን በካሴት ቀድተው ሊወስዱላቸው አሰቡ፤ እሳቸውም እየሰሙ ከኛ ጋር እንዲያለቅሱ። ብዙ ቤት ይደረጋል፤ እኔም ብጠየቅ እሺ እል ነበር። ሰው በሞላበት ቤት አዲስ ካሴት የሚገዛ ስላልተገኘ መሳቢያችንን ከፈቱ። ታትመው የሚሸጡት ካሴቶች፣ እንዳይደመሰሱ ጀርባቸው ላይ ያለችው ጥርስ ተሰብራ ነው የምትመጣው፤ መቅጃው አልጫን ይላቸዋል። የዘፋኙን አንድ በአንድ ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ያንተ ግን ጥርሱ አልተሰበረም፣ ስምም የለበትም፤ ባዶ መሰላቸው። «ሁሉም እምቢ ሲል ያቺ አንዷ ብቻ እሺ አለች፤ እግዜር ነው ያስቀመጣት» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ አደረጉ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው? ወንድምዎን በለቅሶው ደመሰሱት ይባላል?

ላዳምጣትና ልመልሳት ብዬ ለመንኳቸው፤ ቡታጅራ ሄደው አመጡልኝ። ከእናትህ መልእክት ነበራት። ለቅሶውን በየጊዜው እየሰሙ ልባቸውን ያወጣሉ አሉ፤ ቶሎ ትመለስላቸው። አንድ ነገር ብቻ አስቀይሟቸዋል። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ዋሽንት ይሁን ጡሩምባ የሚነፋ ሰው አለ፤ «በልጄ ለቅሶ ላይ የሚነፋው ይኼ ባለጌ ማነው?» ብለዋል። እዚያ ሳይደርስ ዝጉልኝ ይላሉ። ልጃቸው አዝማሪ ሆነ እንዳይባሉ ለአገሩ ሰው ሁሉ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው ሲሉ እንደኖሩ ታውቃለህ። አንድም ቀን ስትጫወት ሰምተውህ አያውቁም። ሰሙህና አላወቁህም። እሱ እኮ ነው ልበላቸው? ካልኳቸው ወሬው እትዬ ዘነበች ጆሮ ይደርሳል፤ ያደረጉትን ሲያውቁ እስኪሞቱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ወይ አንተን ወይ እህትህን መግደል ሆነብኝ። ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩም እቀራለሁ።

ካሴቷን ሰላም ትምህርት ቤት በሄደችበት ከፈትኳት። አልቃሿ ቁመትህን፣ ትከሻህን፣ ደግነትህን ትደረድራለች፤ ስለ ክላርኔቱ አንድ ቃል የላትም፣ ማን ነግሯት። ከሁሉም በላይ የኔ ጩኸት ይሰማል። በገዛ ድምፄ ነው የተሸፈንከው። ከሥሩ ትሰማ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። በስተመጨረሻ የአልቃሿ ድምፅ ይዘጋል፣ ቁልፉ ቀጭ ይላል፤ ድንገት አንተ። ከአምባሰሉ ጅራቱ ብቻ። ሰው በር ሲከፍት ከውስጥ ወግ እንደሚሰማው፣ ከመሀል ጀምረህ ትመጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ታበቃለህ። ከዚያ ድምፅህ፣ የንግግር ድምፅህ፣ «ተቀዳ?» ይላል። ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ያን ቀን የመለስኩልህ አልተቀዳም።

መመለሷ ካልቀረ ብዬ ጠመንጃ ያዥ ካለ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ግልባጭ አሠራሁ። ሰውየው ለቅሶ ሲሰማ ድምፁን ቀነሰልኝ፤ ጨዋ ነው። ጅራቱ ላይ ሲደርስ ግን ካንገቱ ቀና አለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። የዘፈኑን ስም ጠርቶ «የዚያ ዘፈን ክላርኔት ነው! ይኼን ትንፋሽ የትም ባገኘው አውቀዋለሁ። ስሙን የሚነግረኝ አጥቼ ስንት ጊዜ ፈለግኩት፤ ማነው? የት አገኘዋለሁ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ጠበቅኩት ሽፌ። ሽፈራው ይባላል አልኩት። አሁን የሱን ለቅሶ ነው የቀዳህልኝ አልኩት። ሰውየው እጁን ቴፑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። ማን ሊጠይቀን ነው ብለህ ነበር፤ ጠያቂህ ከቤታችን በእግር መንገድ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ዘገየ እንጂ።

ዋናዋ ወደ እናትህ ተመልሳለች። ግልባጯን ከሙዚቃ ቤት ሳልወጣ ጥርሷን ሰበርኩ፣ ስምህን ከነአባትህ ጻፍኩባት። ምን ያደርጋል፣ የሚጻፍበት ጊዜ አለፈ። አንዳንዴ ሰላምን ጠርቼ አሰማታለሁ። ወደፊት ማጠንጠኑን አልደፍርም፣ ክሩ ቀጭን ነው፣ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አንተ ጋ ለመድረስ ሁለታችንም በለቅሶው ውስጥ ነው የምናልፈው። ያቺ የምትጮኸው ሴት ማናት አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። አባባስ? አለችኝ። ቆይ ይመጣል አልኳት።

እስካለሁ ድረስ ያ መግቢያ በተሰማበት ቦታ ሁሉ፣ በታክሲም ይሁን በወረፋ፣ ሽፈራው ነው እላለሁ፤ እብድ ይበሉኝ። ለራስህ ግን ከዚህ ሌላ የምነግርህ አጣሁ። በየጊዜው መጨረሻው ላይ እንደዚያች እሁድ «ተቀዳ?» ትለኛለህ። እኔም ካሴቱ ጸጥ ሲል፣ አዎ ሽፌዬ፣ ሁሉም ተቀድቷል እልሃለሁ። ለሞተ ሰው መዋሸት ኃጢአት ይሁን አይሁን እንጃ።

ያንተው አልማዝ