ያልታመመው ጉልበቴ

ጥቅምት 2፣ ሌዊስቪል፣ ጠዋት
ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

ማነከስ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ተስፋዬ የሳላማንካን አደባባይ ፎቶ ከካላንደር ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ለጥፎ ነበር። ስፔን ወስዶ ሊያሳየኝ ትኬት ቆረጠ። እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ። ፈራሁ ማለት አፍሬ ቀኝ ጉልበቴን አመመኝ አልኩት። ጉዞው ቀረ። ማታ ማታ በቅባት ያሸኝ ጀመር። ተሳስቼ ግራውን ስዘረጋለት ግራውን ያሻል። በዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ድኛለሁ ልበል?

ጥቅምት 3፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት
ልጄ ሰላም የአባቷን ሐሳብ ልትፈጽም ነው። ዊልቼር ቡክ አድርጋልኛለች። የሚገፉኝ የደሴ ሰው ናቸው። ያነክሳሉ፤ የእውነታቸውን። ወርጄ ብገፋቸው በወደድኩ።

የማኅበራችን ሴቶች ለጉልበቴ ያስያዙኝን ፀበል ፍተሻው አላሳልፍ አለ። ፀበል አይደፋም። አንድ ሊትሩን እዚያው ጨለጥኩት። ሆዴ ተነፋ።

ጥቅምት 5፣ ሳላማንካ
አደባባዩን ዞርን። አራቱም ወገን ቅስት በቅስት። በቅስቶቹ መካከል የነገሥታት ራስ ተቀርጿል። አስቀድሜ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ማኩረፋቸውን ግን መጽሐፉ አልነገረኝም። ድንጋዩ ፀሐይ ሲነካው ማር ይመስላል። ተስፋዬ እውነቱን ነበር። አለቀስኩ።

ከፍሪጁ ላይ ነቅዬ ያመጣሁትን ፎቶ አውጥቼ ከሰዓቱ ሕንፃ ጋር ሳስተያይ ነፋስ ነጠቀኝ። ሮጥኩ። በካፌ ወንበሮች መሐል፣ የተኛ ውሻ ዘልዬ፣ ያዝኩት። ዞር ስል ሰላም አፏን ከፍታለች።

«እማዬ፣ ሶ... ፀበሉ ሠራ ማለት ነው?»

አፌን ሳልከፍት ከማኅበራችን ሴቶች ለወ/ሮ አልማዝ ኮል አደረገች። ስልኩ በእልልታ ተሞላ። ነገሥታቱ ቁልቁል አዩኝ።

ማታ ግራ ጉልበቴን ሳይ ትዝ አለኝ። ተስፋዬ ያውቅ ነበር እንዴ?

ጥቅምት 9፣ ሌዊስቪል
እሁድ ማኅበር አለ። ቆሜ እንድመሰክር ተወስኗል። እሱስ ይሁን። አልማዝ ግን ደወለች። ያንቺን አይቼ የስኳር ኪኒኔን ልተው ነው አለች። እንዳትተዪ አልኳት። ለምን? አለች። ስልኩን ዘጋሁ።

ፀበሉ ምን አጠፋ። ውሸቱ የእኔ ነው።

በአፌ እንደማልወጣው አውቃለሁ። እነዚህን ገጾች ቀድጄ ዛሬውኑ አልማዝ በር ድረስ እወስዳለሁ፤ ሳላነክስ። ለልጄ ሳይሆን ለአልማዝ የምሰጣቸው ለዚህ ነው፦ ሰላም አማርኛ ማንበብ አትችልም። አልማዝ ደግሞ አንብባ ዝም ማለት አትችልም።