በሐዲዱ በኩል ያለው ጎል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለአስቴር ወልደሚካኤል፣
ድሬዳዋ፤

እህት ዓለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? የባለቤትሽ የየሺዋስ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም ሶፋውን ለብቻው ይዞታል? ሶሊያናስ? ልጅ በክረምት ይመዘዛል ይባላልና በሩን ጎንበስ ብላ መግባት ሳትጀምር አትቀርም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጭቃውና ከመብራት መጥፋት በቀር የጎደለብን ነገር የለም ልልሽ ነበር፤ የጎደለብንን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ስለምታስጠጋ፣ የጠየቅሽኝን ነገር «አዎ፣ አይ፣ እሺ» እያልኩ ልመልሰው አልቻልኩም። የጠየቅሽኝ እማዬ አእምሮዋ ተነክቶ እንደሆነ ነው። ተነክቶ ከሆነ ለእንቁጣጣሽ መጥተሽ ወደ አንቺ ልትወስጃት፣ ቤቱም ሊከራይ። ከሳምንት በፊት ብትጠይቂኝ መልሴ «ነይና ውሰጃት» ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት እሑድ የሆነውን ልንገርሽ።

ከታኬታው ልጀምር። አባዬን በጥር ከቀበርነው ወዲህ እማዬ «ሞተ» የሚለው ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። «ወጣ ብሏል» ነው የምትለው። የመንፈቁን ዝክር ሳይቀር «እንግዶች ይመጣሉ» ብላ ነው የደገሰችው፤ ቄሶቹም እንግዳ ሆነው በልተው ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኳስ ጫማውን ታጥባለች፤ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ፣ ድሮ ለልምምድ ሲወጣ እንደምታደርገው፣ በራፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። ይህን ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ረፋድ ላይ ሳስገባው ታኬታው ጭቃ ይዞ የሚገኝ መሆኑን ነው። ዝናብ ነው። የቆርቆሯችን ጠብታ መሬቱን እየመታ ጭቃ ይረጫል። እኔ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ዝናቡ ከሶሉ ሥር የሚገኘውን ሣር ከየት እንደሚያመጣው የሚያስረዳ መጽሐፍ እስካሁን አልገጠመኝም።

እና ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ የሠፈራችን ጤና ቡድን ከሳሪስ አቦ ጤና ቡድን ጋር ዓመታዊ ግጥሚያውን አደረገ። እንደምታውቂው እነዚህ ሰዎች ቦርጫቸውን በኳስ ቀንሰው ከኳሱ በኋላ ባለው ግብዣ መልሰው የሚያሳድጉ ሽማግሌዎች ናቸው። ግጥሚያው ጾሙ ውስጥ የማይደረገውም ለሹሮ የሚሮጥ ስለሌለ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ወትሮው ጥላና ድስቱን ይዞ ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ሜዳው ዳር ሰፈረ። ሳፊያ ለሙስሊሞቹ የሚሆነውን በትልቁ ድስት ለብቻ ሠርታ መጣች፤ የኛዎቹም እንደ ወትሮው ሽታውን እየሳቡ በሃይማኖታቸው ጸኑ።

የሳፊያን ባል ጋሽ ሳህሌን ታስታውሺያቸዋለሽ፤ ሳሪስ አቦ ሱቅ ያላቸው የስልጤው ሰው፣ የነሱ አጥቂ። በዚያ ሁሉ ዓመት አባዬ ላይ አንድ ጎል አግብተው አያውቁም። ከጨዋታ በፊት «ዘንድሮስ?» ሲሉት አባዬ «ዘንድሮም በሩ ተዘግቷል፤ ነገ ሱቅህ መጥቼ አጽናናሃለሁ» ይላቸው ነበር።

ዘንድሮ የኛ ቡድን ችግር በረኛ ነበር። ተጠባባቂው ሮሪሳ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ልግባ እንጂ በመጀመሪያው በሐዲዱ በኩል ባለው ጎል አልቆምም አለ። እዚያ ጎል አፍ ላይ አባዬ ሲቆምበት፣ ሲቆምበት የጎደጎደ ስፍራ አለ፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። «ጭቃ ፈርተህ ነው?» ሲሉት «ጭቃስ ይታጠባል። ሰው የቆመበት ቦታ ነው፤ ተደርቤ አልቆምም» አለ። ሌላም እሺ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ኮሚቴው «ለሟች ክብር ሲባል የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ በረኛ ይሁን» ብሎ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ፍርሃት በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር ክብር እንደሚባል ያኔ ገባኝ።

እማዬ ትቀራለች ብዬ ነበር። «ሲጠማው ማን ውሃ ያቀብለዋል?» ብላ ኮዳውን ይዛ ቀድማኝ ወጣች።

እነ እትዬ ዲንቄ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የኪነት ቡድን የቀሩት፣ የቡድኑን ዘፈን ጀመሩ። አኮርዲዮኑን ኦላና ነው የያዘው። ዘፈኑ መሃል ላይ «ወልዴ፣ በሩ ላይ አለህ ወይ?» የምትል ስንኝ አለች፤ አባዬ በመዳፉ ቋሚውን ሦስቴ መትቶ ነበር የሚመልስላት። ዘንድሮ እንዝለላት ብለው ተስማምተዋል። ግን ዘፈን ስምምነት አያውቅምና አፋቸው ይዟቸው ሄደ፤ ካሉት በኋላ ሁሉም ዝም አሉ። ማንም ቋሚውን አልመታም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ነገር ግን ኦላና አኮርዲዮኑን የቀጠለው ልክ ሦስቱ ምት ሲያልቅ በሚቀጥልበት ቦታ ላይ ነው። በኋላ «ምን ሰምተህ ነው?» ብለው «ልማድ ነው ባክህ» አለኝ፤ ሲለኝ ግን ፊቴን አላየም።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ወደ ውጪ ለማውጣት እንደዚያ የተጨነቁ አጥቂዎች አይቼ አላውቅም። የሳሪሶቹ ባዶው ጎል ፊት ይደርሱና አንዱ ወደ ሐዲዱ ይልካታል፣ አንዱ አየር ይመታል፣ አንዱ ጫማው የተፈታበት መስሎ ይቀመጣል። ሰዉ ደግነታቸውን አይቶ ያጨበጭባል። እማዬ ግን ኳስ በወጣች ቁጥር «አላልኳችሁም? ዛሬም አላስገባም!» እያለች ኮዳውን ከፍ ታደርግ ነበር። ፊቷ በርቷል። እነሱ በደግነታቸው እናታችንን ከእጄ እየወሰዷት መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መስመሩ ዳር ሄጄ ጋሽ ሳህሌን ጠራኋቸው። «እባክዎን ያግቡ» አልኳቸው።

«ማን ላይ ነው የማገባው?»

«ማንም ላይ። ባዶ እኮ ነው።»

«አንተ ባዶ በለው» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «እኔ እንዳየሁት ቀኙን ሸፍኖ ቆሟል።» ከዚያ እማዬን ዞር ብለው አዩዋት። ኮዳውን አዩ። ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

ቀጣይዋን ኳስ ጎሉ ፊት አገኙና በግራ በኩል መሬት ለመሬት መቷት። ኳሷ ቀጥ ብላ መጣች፣ አባዬ ከሚቆምበት ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ገባች፣ እዚያው ቆመች። መስመሩን አላለፈችም። አንድ ተከላካይ እንኳ ሄዶ ሊያወጣት አልደፈረም። ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

እማዬ ጥላዋን ዘርግታ ሜዳው ውስጥ ገባች። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አሳለፋት። ጉድጓዱ አፋፍ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«ውሃ ነው» አለች። «ወልዴ ቢኖር ኳስ ውሃ ውስጥ ትቶ አይቆምም ነበር። ወልዴ ሞቷል፤ ልጆች፣ አልነገሯችሁም?»

አስቱ፣ እማዬ አረዳችን። መርዶውን ገና እንደሰማን ሁሉ የሐዲድ ሠፈርም የሳሪስም ሽማግሌ በቁምጣው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ጥር ላይ ቀብረነው ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ኳሷን በላስቲክ ጫማዋ ገፍታ መስመሩን አሳለፈቻት፤ ቋሚውንም እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አድርጋው ተመለሰች። ዳኛው ከደንቡ ጋር ትንሽ ከታገለ በኋላ ፊሽካውን ነፋ፤ ጎል። በራሳችን ላይ እማዬ ወርቅነሽ አገባች። ምሳ ላይ ጋሽ ሳህሌ «እኔ አሁንም አላገባሁበትም፤ ያገባችበት ሚስቱ ናት» እያሉ እያንዳንዱ ድስት ዘንድ እየዞሩ ሲያስመዘግቡ ዋሉ።

ማታውኑ እማዬ ታኬታውን አጥባ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው። ከዚያ ወዲህ «ሞተ» ትላለች፤ አንዳንዴም እኔን እያየች ጮክ ብላ ትደግመዋለች። ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ እናታችን ጤነኛ ናት፤ አትውሰጃት።

አንድ ነገር ግን አለ። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ነቃሁና ቁልፉን ከትራሷ ሥር ስቤ፣ ታኬታውን አውጥቼ በራፉ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ አላውቀውምና። እማዬ ስትነሳ አይታው «አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ሌሊቱን ዝናብ አልጣለም። ረፋድ ላይ ሳስገባው ሶሉ ሥር ሣር ነበር። አልጋ አዘጋጅተሽ ከሆነ እንግዲህ አታፍርሺው፤ የምትወስጂው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጋሽ ሳህሌና ሳፊያ ሰላም ብለውሻል። እትዬ ዲንቄ ጉንጭሽን ስማለች። ሮሪሳ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ያዳነ መሆኑን እንድጽፍልሽ አደራ ብሎኛል። ለየሺዋስ ሰላምታዬን፣ ለወገቡም ምሕረትን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተደብቄ መስሎኝ ሳለ እማዬ ከኋላዬ መጥታ «ልውሰዳት ለምትለዋ ልጄ ሰላም በልልኝ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጇን ይዛ ትምጣ፣ ሜዳው ዳር እንበላለን» አለችኝ።

ሶሊያናን ሳሚልኝ። ስትመጡ ለጭቃው ቦቲ ያዥላት፤ በራፍ ላይ ግን አታሳድሪው።

ወንድምሽ ወንድዬ ወልደሚካኤል
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.