በምሳ ሰዓት የሚገባው እጅ

ይድረስ ለወንድምጋሼ ናርሲምሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰንብተሃል? የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍስ፣ ምግብስ? እማ በበርበሬና በዘይት ዘፍዝፋ የላከችልህ ማንጎ ደረሰህ ወይስ አብረውህ የሚያድሩት ሰዎች ቀድመውህ ጨረሱት? እኔ እህትህ ስዋሩፓ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእልህና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት፤ እንደ ወትሮዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የቅጠል ሲጋራዋን እየጠቀለለች መንገደኛውን ሁሉ ታማለች። አባባም ሳሉ ቀለል ብሎለታል።

ማታ ማታ በስልክ እየተነጋገርን ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። በስልክ ብነግርህ ስቀህ ታልፈዋለህ፤ ሳቅህን ስሰማ ደግሞ ንዴቴ ይበርዳል፤ እኔ ደግሞ እንዲበርድ አልፈልግም። ከዚያም በላይ ሰሞኑን በሽቦ የሚሄድ ነገር ማመን ትቻለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ ብዬ እጠረጥራለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛውን አሠራር ላንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ረዳት ሆነህ የሠራህበት፣ የመለማመጃ መሣሪያዎቹን መደርደሪያ በገዛ እጅህ ያቆምክበት ቤት ነው። መምህር ቬንካና ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ብሷል። ጠዋት ይመጣና የእያንዳንዳችንን ኔትወርክ ሆን ብሎ ያበላሽብናል። የአንዱን ኬብል ይነቅላል፣ የሌላዋን አድራሻ ያዛባል፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ሻዩን ሊጠጣ ይወጣል። እኛ ብልሽቱን ፈልገን እንጠግንና ከሰዓት በኋላ ፊቱ ቆመን ምን እንደነበረና ለምን እንደነበረ እናስረዳለን። መጠገን ብቻውን አይበቃም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠውን መልስ በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ሁሉ ምላሱ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ልምምድ የተቀጠረው ለዛሬ ቅዳሜ ነበር፤ እሱን ያለፈ ስሙ ለዋናው የኔትወርክ ፈተና ይተላለፋል፣ የወደቀ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ።

የእኔ ኔትወርክ ግን ጉድ አመጣብኝ። ምሳ በልቼ ስመለስ ተጠግኖ ይጠብቀኛል! መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ይጠቅሱኛል። ምን ነበር የተበላሸው ስባል ምን ልበል? አላየሁትማ! አንድ ቀን መምህር ቬንካና መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «ስዋሩፓ፣ ያንቺ ኔትወርክ በጸሎት ነው እንዴ የሚድነው?» ቢል ክፍሉ በሳቅ አበደ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ጸሎተኛዋ» ሆነ። ከኋላዬ ደግሞ ሰው ቀጥራለች፣ መምህሩ በጎን ይነግራታል እያሉ ያሙኝ ጀመር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔም መጠርጠሬን ተያያዝኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አብራኝ በምታድረው በፑሽፓላታ ላይ ነበር። ጎኔ ነው የምትቀመጠው፤ ጎበዝ ናት፤ እኔን ሌባ አስመስላ ልታስባርረኝ ነው አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥሯ አልጠፋ አልኩ። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ እንኳ ተከትዬ ብነሳ፣ «ምነው አንቺ፣ እንደ መዥገር ተጣበቅሽብኝ? ባልሽን ቀማሁሽ እንዴ?» አለችኝ። አብረን በላን፣ አብረን ተመለስን። ተጠግኗል!

ቀጥዬ የጠረጠርኩት ጀባር ቻቻን ነው፤ ቁልፍ የሚይዙትን ሽማግሌ። ምክንያት ነበረኝ። አርብ አርብ ብልሽቱ ሳይነካ ይቆየኛል፤ አርብ ደግሞ እሳቸው በምሳ ሰዓት ክፍሉን ቆልፈው ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ ብዬ ለመምህር ቬንካና ነገርኩት። እሱም በሰው ፊት ቁልፉን ተቀበላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ይሄን ኬብል የማውቀው አቧራውን ስጠርግለት ነው» ብለውኝ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ። መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የሚገባው ሰው እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ ስምሽን አላስተላልፍም። የማላውቀውን እጅ ለፈተና አልልክም» አለኝ። በማግስቱ ቁልፉ በመምህሩ ኪስ እያለ ኔትወርኬ ተጠግኖ አገኘሁት። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነብኝ።

እንግዲያው ሰዉን ትቼ ጥገናውን ራሱን ላጥና አልኩ። ኮምፒውተሮቹ ወደ ውጭ የሚወጡባት በር ቁጥር አላት አይደል? እዚህ አሚርፔት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለዚያች በር የመጀመሪያውን ቁጥር፣ አንድን ነው የሚሰጣት። በእኔ ኔትወርክ ላይ ግን ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ተብላለች፤ የመጨረሻዋ። ጋሼ፣ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ግቢያችን ውስጥ መሬቱ ላይ በከሰል እየሳልክ፣ «የእኛ ቤት የመንደሩ መጨረሻ አይደል? የእኛም በር መጨረሻው ቁጥር ላይ ትሁን» ያልከኝ አንተ ነህ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ። አርብ በዶሃ የዕረፍት ቀንህ ነው፤ የመሥሪያ ቤትህን ኮምፒውተር አታገኝም። የእኛ ምሳ ሰዓት ያንተ የሻይ ሰዓት ነው። ባለፈው ደግሞ በስልክ፣ «የሁለተኛው ክፍል መስመር መሥራት ጀመረልሽ አይደል?» አልከኝ፤ መበላሸቱን እኔ መች ነገርኩህ?

ሐሙስ ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። መምህር ቬንካናም አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማን ውስጥ እንዳለ መሣሪያውን ጠየቅኩት። ሁለት ሰው አለ አለኝ፤ አንዷ እኔ፣ ሌላው ከኳታር የገባ። የምትቀይረው ሁሉ ዓይኔ ሥር ይዘረዘር ነበር። እጅ ከፍንጅ! መምህሩ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ይሄ ናርሲምሉ ሲለቅ ከሩቅ በኢንተርኔት የሚገባበት የጓሮ በር ትቶልን ነው የሄደው ለካ! በይ እንግዲህ፣ ወንድምሽ ነው፣ አንቺው ዝጊበት» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። ለጀባር ቻቻ ቁልፋቸው ተመለሰላቸው። እያለቀስኩ ይቅርታ ብለምናቸው፣ «ተይ ልጄ፣ ይሄን ያህል የሚያስብልሽ ወንድም ካለሽ ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ።

ምን እንዳስለቀሰኝ ላንተ ልንገርህ። አንተ በዚሁ ፈተና እንደወደቅክ፣ የባሕረ ሰላጤው ኑሮም የመጣብህ ከዚያ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እንዳልወድቅ ሰግተህ ነው። ግን ምን አደረግከኝ? በሰው ፊት ሌባ አደረግከኝ፣ እኔም አንድ የዋህ ሽማግሌ ሌባ አልኩ። እኔ የሰውን ሁሉ እጅ ስጠረጥር አንተ ለካ የእኔን ጭንቅላት ነው የጠረጠርከው። ማታ ማታ «አይዞሽ፣ ጎበዝ ነሽ» ስትለኝ የነበረው ምኑ ነበር? አንጀቴ ነው ያረረው ጋሼ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ተፈተንኩ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ገና ከመጀመሬ ማያው ላይ ጽሑፍ መጣ፤ አንድ ሰው ሊገባ ሞክሮ አልቻለም ይላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ሞከረ። አሁንም ደግሞ። አንተ ነህ፣ በሩን የምትደበድበው። እውነቱን ልንገርህ፣ ብልሽቱ ጠፍቶብኝ ስለነበር ልከፍትልህም ቃጥቶኝ ነበር። አልከፈትኩም። ከዚያ መሞከሩን ተውክ፤ እኔም ብልሽቱን አገኘሁት። መምህሩ ለሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አድራሻ ሰጥቶ ነበር፤ የአንዱ መልስ ወደ ሌላው እየሄደ ነው የተምታታው። ጠገንኩት፣ ፊቱ ቆሜም አስረዳሁ። በሯን ደግሞ ሆን ብዬ የመጨረሻው ቁጥር ላይ አደረግኳት። መምህር ቬንካና አያትና ቀና ብሎ፣ «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለኝ። የእኔ ነው አልኩት። ስሜን አስተላለፈው።

እማ ለቦናሉ በዓል የመሥዋዕት ማሰሮዋን በአናቷ ተሸክማ ስትወጣ ስምህን ጠርታ እንደምትጸልይልህ ንገሪው ብላኛለች። አባባ፣ ለወገቡ ከባድ ነገር አያንሳ ብሎሃል። አክስታችን ራጃቫ፣ ሚስት እንፈልግለት ወይስ እዚያው አገኘ እያለች ትጠይቃለች። ፑሽፓላታም ሰላም በይልኝ ብላለች፤ የመዥገሯን ወንድም በርታ በይልኝ ማለቷ ነው። አብሮህ ለሚያድረው ለየላያ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ማንጎውን ያስተርፍልህ።

የይለፍ ቃሉን አሁንም ቀይሬዋለሁና አትልፋ። የዛሬውን ግን ልንገርህ። የእማን ስም፣ የአባባን ስም፣ የወተት ጎሻችንን ስም ሳይቀር ሳትሞክር አልቀረህም። ቃሉ «ስዋሩፓ» ነበር፤ የእኔን ስም ግን አልሞከርከውም።

እህትህ ስዋሩፓ
አሚርፔት፣ ሃይደራባድ
ጁላይ 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.